የተሸሸገው ሳንቃ፤ የልብስ መተኰሻን በውስጡ ስለሚደብቅ ጠረጴዛ

የአንድን ሕዝብ የቤት ዕቃ የሚያጠና ሰው ወደ እንግዳ መቀበያ ክፍል ሲገባ በመጀመሪያ ዐይኑን የሚስበው፣ ባለቤቱ እንዲታይለት የፈለገው ነገር ነው። እንዲታይ ያልተፈለገው ዕቃ ከመጋረጃ በስተጀርባ፣ ከአልጋ ሥር ወይም በጓዳ ስለሚቀመጥ ከተመራማሪው መዝገብ ያመልጣል። ይሁን እንጂ የተደበቀው ዕቃ ስለ ሕዝቡ ኑሮ የሚሰጠው ምስክርነት በግልጥ ከተቀመጠው የሚያንስ አይደለም። ከአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የታየው፣ የልብስ መተኰሻ ሳንቃን በውስጡ የሚደብቀው የቤት ዕቃ፣ በተለይም ጠረጴዛው፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ የሚታየውና የሚሸሸገው በአንድ አካል ተጣምረው ይገኙበታልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጠረጴዛው ተዘግቶ ሲታይ ከሌላው ጠረጴዛ የሚለይበት ነገር የለም። ቤተ ሰቡ ይበላበታል፤ ልጆች ይጽፉበታል፤ እንግዳ ሲመጣ ጨርቅ ይነጠፍበታል። የውስጡ አሠራር ግን እንደየሠሪው ብልኀት ይለያያል። በአንዳንዱ ገበታው በማጠፊያ ወደ ላይ ሲነሣ ሳንቃው ከሥሩ ይወጣል፤ በሌላው ሳንቃው ከገበታው በታች በተበጀለት ቦይ እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ይሳባል፤ በሌላውም ከጠረጴዛው ጎን ተንጠልጥሎ ከቈየ በኋላ ቀና ይልና በአንድ ተጣጣፊ እግር ይደገፋል። ሳንቃው ራሱ ጠባብና ረጅም፣ አንደኛው ጫፉ ቀጠን ያለ፣ በብርድ ልብስና በነጭ ጨርቅ የተለበጠ ነው። ሥራዋን የጨረሰች ሴት ካውያውን እንዲበርድ ከአንድ ወገን አኑራ ሳንቃውን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚገባ እንግዳ በዚያ ክፍል ልብስ ሲተኰስ መዋሉን የሚያውቀው ምናልባት በጠረኑ ብቻ ይሆናል።

ይህ ዕቃ ከመምጣቱ በፊት ልብስ የሚተኰሰው በምን ላይ ነበር ቢባል፣ መልሱ፣ በዚያው በጠረጴዛ ላይ ነበር የሚል ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከዚያም በላይ ንጹሕ አንሶላ ይነጠፍና የአልጋ ልብሱ፣ የገበታ ጨርቁ፣ ፎጣውና መሐረቡ ይተኰስበታል። በአሜሪካ የሳምንቱ ቀኖች ለየቤቱ ሥራ የተደለደሉ ስለ ነበሩ ሰኞ የማጠቢያ፣ ማክሰኞ የመተኰሻ ቀን ነበረች። ካውያው ድፍን ብረት ሆኖ በምድጃ ላይ የሚግል ነበርና አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላውን ለማንሣት ሁለት ወይም ሦስት ካውያ ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱም ክብደት ከሁለት እስከ አራት ኪሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ነበረ። እጀታው ጭምር ብረት ስለ ሆነ በጨርቅ ካልተያዘ እጅ ያቃጥላል። ሜሪ ፍሎረንስ ፖትስ የተባለች የአዮዋ ግዛት ሴት ከካውያው የሚነቀል የእንጨት እጀታ አውጥታ የፈጠራ መብት የተቀበለችው በ1871 ነው። ምድጃው በበጋም ቢሆን ቀኑን ሙሉ መንደድ ነበረበት፤ ስለዚህ የማክሰኞ ወጥ ቤት እንግዳ የሚገባበት ስፍራ አልነበረም።

ታዲያ ጠረጴዛው እስካገለገለ ድረስ ሳንቃ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ የሚገኘው ከልብሱ ቅርጽ ላይ ነው። አንሶላ ዝርግ ነው፤ ቀሚስ ግን ዙሪያው የተዘጋ፣ እንደ ቧንቧ ያለ ነገር ነው። ቀሚስን በጠረጴዛ ላይ አጋድሞ የሚተኵስ ሰው ድርብ ጨርቅ በአንድ ጊዜ ስለሚጫን የላይኛውን ሲያቀና የታችኛውን ያጨማድደዋል። መፍትሔው ቀሚሱን በአንድ ጠባብ እንጨት ላይ አጥልቆ እያዞሩ መተኰስ ነው፤ ይህም እንዲሆን የእንጨቱ አንደኛ ጫፍ ከማናቸውም ድጋፍ ነጻ መሆን አለበት። ጠረጴዛ በአራቱ ማዕዘን በአራት እግር የሚቆም ስለ ሆነ ነጻ ጫፍ የለውም። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አጋማሽ፣ የሴቶች ቀሚስ በክሪኖሊን ተወጥሮ እጅግ ሰፊ በሆነበት ዘመን፣ ሴቶች አንድ ተራ ሳንቃ በጨርቅ ይጠቀልሉና አንዱን ጫፍ በጠረጴዛ፣ ሌላውን በወንበር መደገፊያ ላይ ያሳርፉት ነበር። አንዱ ቀሚስ ባለቀ ቍጥር ሳንቃውን ከወንበሩ ማንሣት፣ የተተኰሰውን ማውጣት፣ ሌላውን ማጥለቅ፣ እንደ ገና ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ሳንቃው ከተንሸራተተም ከነካውያው ይወድቃል። በዚህ ረገድ የተነሡት ፈጣሪዎች ሁሉ የታገሉት ከዚሁ ከነጻው ጫፍ ጋር ነው። አንድ ወገኑ ብቻ ተይዞ ሌላው ወገኑ አየር ላይ የሚቀር ሳንቃ ከባድ ብረት ሲያርፍበት እንዳይዘነብል በሌላው በኩል የሚይዘው ክብደት ይሻል። ለዚህም ከጠረጴዛ የተሻለ ክብደት በቤት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሳንቃው ከጠረጴዛ ጋር መጣመሩ ቦታ ለመቈጠብ ብቻ የታሰበ ሳይሆን፣ መጀመሪያውኑ በሚዛን ላይ የተመሠረተ ነው።

ነገር ግን ጠረጴዛና መተኰሻ በጠባያቸው አይስማሙም። የመመገቢያ ጠረጴዛ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የተመጠነውም ለተቀመጠ ሰው ነው። ቆሞ የሚተኵስ ሰው ከዚህ ከፍ ያለ ካላገኘ ወገቡን ሰብሮ ይውላል፤ ሳንቃው ከገበታው በታች ከሚሳብ ከሆነ ደግሞ ይብሱን ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጠንቃቃው አናጢ ሳንቃው ከወጣ በኋላ ወደ ላይ ከፍ የሚልበትን ክንድ ይጨምርለታል፤ ርካሹ ሥራ ግን ጉዳዩን ለሴቲቱ ወገብ ይተወዋል። ሌላው ችግር እርጥበት ነው። የተልባ እግር ጨርቅና ጥጥ ውሃ ተርከፍክፎበት ስለሚተኰስ የሳንቃው ልብስ ሁልጊዜ ረጠብ ያለ ነው። ሳንቃው ሳይደርቅ ወደ ጨለማ ቦዩ ሲመለስ እንጨቱ ያብጣል፤ ያበጠ እንጨትም በሚቀጥለው ሳምንት አልሳብ ይላል። በዚህ ላይ የገበታው ቫርኒሽ ከእንፋሎትና ከሙቀት የተነሣ ነጭ ነጭ እያለ ይበላሻል። ዕቃው በፈጣሪዎች ዘንድ ይህን ያህል ደጋግሞ የተሞከረው አንዱም ሙከራ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስላልፈታ ነው ለማለት ይቻላል።

በአሜሪካ ለመተኰሻ ጠረጴዛ ከተሰጡት የፈጠራ መብቶች ቀደምት ተብሎ አዘውትሮ የሚጠቀሰው በ1858 ለኒው ዮርኮቹ ለቫንደንበርግና ለሃርቬይ የተሰጠው ነው። ከእነርሱ በኋላ ከመጡት መካከል ኤላይጃ መኮይ የሚታወቀው በሌላ ሥራው ነው። ወላጆቹ ከኬንታኪ ባርነት አምልጠው ካናዳ የገቡ ሲሆኑ፣ እርሱ በስኮትላንድ የመኪና ምሕንድስና ተምሮ ወደ ሚሺጋን ቢመጣ በባቡር ላይ ከእሳት ማንደድ የተሻለ ሥራ ሳይሰጠው ቀረ። በ1872 የእንፋሎት ሞተር እየሠራ ሳለ ዘይት በራሱ የሚያጠጣ መሣሪያ አወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1874 ለሚታጠፍ የመተኰሻ ጠረጴዛ የፈጠራ መብት ተቀበለ። የሎኮሞቲቭ መሐንዲስ ወደ ቤት ዕቃ መመለሱ እንግዳ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሥራዎች የጋለ ብረትና የሚንቀሳቀስ አካል የሚገናኙባቸው ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ በስም የምትነሣው ሳራ ቡን ናት። በ1832 በሰሜን ካሮላይና በክሬቨን አውራጃ በባርነት ተወለደች፤ ከእርስ በርሱ ጦርነት በፊት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ወደ ኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት፣ ተዛውራ በልብስ ሰፊነት ኖረች፤ በ1904 ሞተች። የፈጠራ መብቷን የተቀበለችው በሚያዝያ ወር 1892 ነው። በብዙ መጻሕፍት የመተኰሻ ሳንቃን የፈጠረች እየተባለ የሚጻፈው ስሕተት ነው፤ ሳንቃው ከእርሷ በፊት ብዙ ዓመት ኖሯል። የእርሷ ሥራ ከዚህ የጠለቀ ነው። በዚያ ዘመን የሴት ቀሚስ ከወገብ በላይ በሰውነት ላይ የተጣበቀ፣ እጅጌውም እንደ ክንድ ጎበጥ ብሎ የተቈረጠ ነበርና፣ ቀጥ ያለ ሳንቃ የእጅጌውን ስፌት ያዛባዋል። ቡን ሳንቃዋን ጠባብ አድርጋ እንደ እጅጌው ቅስት ሰጠቻት፤ አንዱ ወገን ከተተኰሰ በኋላም ተገልብጣ ለሌላው እጅጌ እንድታገለግል አደረገቻት። ልብስ ሰፊ ካልሆነ ሰው ይህ ሐሳብ አይመነጭም። የአናጢዎቹ ፈጠራ የሚነሣው ከቤቱ ነው፤ ሳንቃው የት ይግባ፣ እንዴት ይታጠፍ ይላሉ። የቡን ፈጠራ ግን የሚነሣው ከልብሱ ነው። በኋለኛው ዘመን በጠረጴዛና በግድግዳ ውስጥ የተሸሸጉት ሳንቃዎች በአንድ ጫፋቸው ቀጥነው መታየታቸው፣ ወይም ከዋናው ሳንቃ ጋር አንድ ትንሽ የእጅጌ ሳንቃ ይዘው መገኘታቸው፣ የልብስ ሰፊዎቹ ጥያቄ በመጨረሻ ተሰሚነት ማግኘቱን ያሳያል።

ይሁን እንጂ የዚህን ዕቃ ታሪክ በፈጣሪዎቹ ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ የሚተኵሰው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ከባርነት መወገድ በኋላ የነጮችን ልብስ የሚያጥቡትና የሚተኵሱት በአመዛኙ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ልብሱን ሰኞ ተረክበው በየራሳቸው ቤትና ግቢ አጥበውና ተኵሰው ቅዳሜ ይመልሳሉ። በ1881 በሐምሌ ወር በአትላንታ ከተማ 20 ያህል ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ለ12 ፓውንድ ልብስ አንድ ዶላር ካልተከፈለን አንሠራም አሉ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቍጥራቸው 3,000 ያህል ደረሰ። የከተማው ሹማምንት በእያንዳንዷ ላይ 25 ዶላር የፈቃድ ግብር እንጥላለን እያሉ ቢያስፈራሩም አድማው ወዲያው አልተሰበረም። እንዲህ ባለው ቤት፣ ማለትም ልብሱ ወጥቶ ተተኵሶ በሚመለስበት ቤት፣ መተኰሻን መደበቅ አያስፈልግም፤ ሥራው ራሱ ከዐይን ርቋልና። በሌሎች ከተሞችም ባለጸጋው ሰው የልብስ ቤትና የቤት ሠራተኛ ስላለው ሳንቃውን የሚሸሽግበት ምክንያት የለውም። ሳንቃውን በጠረጴዛ ውስጥ መደበቅ ያስፈለገው፣ እንደ ባለጸጋ መታየት የሚፈልግ፣ ሆኖም እንደ ድኻ በራሱ እጅ የሚሠራው መካከለኛ ቤተ ሰብ ነው። ጠረጴዛው የተሠራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለምትኖር ሴት ነው።

ይህን ማየት የሚቻለው በዚያው ዘመን ከወጡት ሌሎች የሚለወጡ የቤት ዕቃዎች ጋር ሲተያይ ነው። የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊው ሲግፍሪድ ጊዲዮን በ1948 ባወጣው መጽሐፉ ስለ እነዚህ ዕቃዎች በሰፊው ጽፏል። ከምሳሌዎቹም አንዱ በ1866 በሲንሲናቲ ቻርልስ ሄስ የተባለ ሰው የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ አልጋንና መታጠቢያ ሳሕንን በሆዱ የያዘ ፒያኖ ነው። አንባቢ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ፒያኖው የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ፒያኖ የመልካም ቤት ምልክት ነውና በእርሱ ውስጥ የተደበቀ አልጋ ድኽነትን በእጥፍ ይሰውራል፤ አንድም አልጋው አይታይም፣ ሁለተኛም በቦታው ፒያኖ ይታያል። ሳራ ጉድ የተባለች በቺካጎ የቤት ዕቃ መደብር የነበራት ጥቁር ሴት በ1885 የፈጠራ መብት ያገኘችበት ተጣጣፊ አልጋም ሲታጠፍ የጽሕፈት ጠረጴዛ ይመስል ነበር፤ ወረቀትና ቀለም የሚቀመጥበት ክፍል ጭምር ነበረው። ካትሪን ቢቸርና እኅቷ ሃሪየት ቢቸር ስቶው ደግሞ በ1869 ባሳተሙት የቤት አያያዝ መጽሐፍ፣ አንዱን ክፍል በቀን መቀመጫ፣ በሌሊት መኝታ ለማድረግ በመንኰራኵር የሚገፋ ቁም ሳጥን አቅርበዋል።

በእነዚህ ሁሉ አንድ ሕግ ይታያል። የሚደበቀው ምንጊዜም የሰውነት ጉዳይ ነው፤ መተኛት፣ መታጠብ፣ ልብስ ማሰናዳት። የሚሸፍነው ደግሞ የመጽሐፍ፣ የሙዚቃ ወይም የማዕድ ዕቃ ነው። አልጋ በጽሕፈት ጠረጴዛ ይሸፈናል እንጂ የጽሕፈት ጠረጴዛን አልጋ አስመስሎ የሠራ አናጢ አይታወቅም። መተኰሻው በመመገቢያ ጠረጴዛ ውስጥ መግባቱም ይህንኑ ሕግ ይከተላል፤ ማዕድ የቤተ ሰቡ ክብር የሚታይበት ስለ ሆነ ድካሙን ይሸፍናል።

የቤት ሥራ መሣሪያን መደበቅ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ፣ ከአውሮፓ ሰሜን የተገኘውን ተቃራኒ ማስረጃ ማየት ይጠቅማል። በኖርዌይ፣ በተለይም በሰሜኑ ክፍል፣ በቫይኪንግ ዘመን የሴቶች መቃብር ውስጥ ከዓሣ ነባሪ ዐጥንት የተሠሩ፣ በጫፋቸው ሁለት የአውሬ ራስ የተቀረጸባቸው ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። እጅግ ውብ ከሆኑት አንዱ የተገኘው በስኮትላንድ ሰሜን በኦርክኒ ደሴቶች፣ ሳንዴይ በምትባለው ደሴት፣ ስካር በተባለው ስፍራ፣ በ1991 በተቈፈረ የጀልባ መቃብር ውስጥ ነው፤ ሰሌዳው የተቀመጠው ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ነበር። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሰሌዳው የተልባ እግር ጨርቅ በብርጭቆ ድንጋይ እየታሸ የሚለሰልስበት እንደ ነበር ያምናሉ፤ ለሥርዐት ብቻ የሚያገለግል ነበር የሚሉም አሉ። የሆነ ሆኖ አንድ ሰው ወደ ወዲያኛው ዓለም ይዞት እንዲሄድ የሚሰጠው ዕቃ የሚያሳፍር ዕቃ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ብዙ ዘመን በኋላ፣ ከአሥራ ስድስተኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ድረስ፣ በስካንዲናቪያ፣ በሰሜን ጀርመንና በኔዘርላንድ ልብስ የሚለሰልሰው በሁለት እንጨት ነበር። ረጠብ ያለው ጨርቅ በአንድ ድቡልቡል እንጨት ላይ ይጠቀለልና በጠረጴዛ ላይ ሆኖ በላዩ ረጅም ሳንቃ እየተጫነ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። ይህ ሳንቃ ብዙ ጊዜ ሙሽራው ለእጮኛው ቀርጾ የሚሰጠው ስጦታ ነበር። የኖርዌዩ እጀታው በፈረስ አምሳል ይቀረጻል፤ በላዩም የስም ፊደላትና ዓመተ ምሕረት ይጻፋል። ሥራ ሲያልቅም ሳንቃው በግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይሸሸግም። ዛሬ በሙዚየም ውስጥ የተቀመጡት ብዙዎቹ ሳንቃዎች አለመበላሸታቸው፣ ከመሥሪያነታቸው ይልቅ ጌጥነታቸው ያመዝን እንደ ነበር ያመለክታል። ስለዚህ ያው ሥራ፣ በዚያው በተልባ እግር ጨርቅ ላይ፣ በአንዱ ዘመን የጋብቻ ቃል ኪዳን ምልክት ሆኖ ሲሰቀል በሌላው ዘመን በጠረጴዛ ሆድ ውስጥ ተቀብሯል።

ጠረጴዛም ሆነ ሳንቃ የሌለበት አሠራርም አለ። በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኝ አንድ የቻይና ሥዕል፣ የስምንተኛው ምእት ዓመት ሠዓሊ የጃንግ ሹዋን ሥራ በአሥራ ሁለተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በንጉሥ ህዊጾንግ ስም የተገለበጠ፣ የቤተ መንግሥት ሴቶች አዲስ ሐር ሲያሰናዱ ያሳያል። ሁለት ሴቶች ሐሩን በግራና በቀኝ ወጥረው ይዘዋል፤ ሌላይቱ ፍም የተሞላ መጥበሻ መሰል ካውያ በላዩ ታሳልፋለች፤ አንዲት ሕፃን ከተወጠረው ሐር ሥር ትጫወታለች። በዚህ የጠረጴዛውን ቦታ የያዘው የሰው እጅ ነው። ረዳት በበዛበት ቤት ሳንቃ አያስፈልግም ማለት ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ንጽጽር ግን ከቤቱ አቀማመጥ ይገኛል። የኢትዮጵያ የገጠር ቤት አንዱን ስፍራ ለብዙ አገልግሎት ማዋልን ከጥንት ያውቃል። መደብ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው፤ ቍርበቱ ይነጠፋል፣ ይነሣል፣ መደቡ ግን ያው መደብ ነው፤ ራሱን ሌላ ነገር አያስመስልም። መሶብም ሲበላ ይቀርባል፤ ሲያበቃ ይነሣል። እንግዲህ አንድ ክፍል ለብዙ ሥራ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ዕቃውን ማንሣት፣ ሁለተኛው ዕቃውን በሌላ ዕቃ ውስጥ መሸሸግ ነው። የመጀመሪያው ቀላልና ተሸካሚ ዕቃ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ማጠፊያ፣ ቦይና መቀርቀሪያ ይፈልጋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአናጢነት ብቻ አይደለም፤ መሶቡን የሚያነሣ ሰው መብላቱን አይደብቅም። ካውያን በተመለከተ ደግሞ ቃሉ ራሱ ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ስሙ ከዓረብኛ የተወሰደ ሲሆን በዓረብኛ የቃሉ ሥር ልብስን መተኰስም ቍስልን በእሳት መተኰስም ይባልበታል። የአማርኛው «ተኰሰ» እነዚህን ሁለቱንም ይዞ ጠመንጃን ይጨምርበታል። በሁለቱም ቋንቋ የሥራው ስም የተሰየመው ከእሳቱ እንጂ ከሚተኰስበት ገበታ አይደለም።

ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው የተደረገውን ሽግግር ያመጣው ኤሌትሪክ ነው። ሄንሪ ሲሊ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ለኤሌትሪክ ካውያ የፈጠራ መብት የተቀበለው በ1882 ነው፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ኤሌትሪክ የገባበት ቤት ጥቂት ስለ ነበረ ዕቃው ሳይስፋፋ ቈየ። በብዙ ከተሞች ኤሌትሪክ የሚለቀቀው ለመብራት ሲባል ማታ ብቻ ነበር። በካሊፎርኒያ፣ ኦንታርዮ በምትባል ከተማ የኤሌትሪክ ሠራተኛ የነበረው ኧርል ሪቻርድሰን በ1905 አካባቢ ቀለል ያለ ካውያ ለባለቤቶች ካደለ በኋላ፣ የኀይል ጣቢያው በማክሰኞ ቀን እንዲሠራ አለቆቹን እንዳሳመናቸው ይተረካል። አሁን ካውያው ሽቦ ስላለው ሳንቃው እንደ ልብ መንቀሳቀሱ ቀረ፤ መጀመሪያ ከጣሪያው አምፖል፣ በኋላም ከግድግዳው ሶኬት ጋር ታሰረ። ሳንቃውም ሶኬቱን ተከተለ። ከ1910ዎቹ እስከ 1930ዎቹ ድረስ በተሠሩት የአሜሪካ ትንንሽ ቤቶች፣ በወጥ ቤቱ ግድግዳ በሁለት የእንጨት ምሰሶ መካከል ጠባብ ቁም ሳጥን ይበጃል፤ በሩ ሲከፈት ሳንቃው ወደ ፊት ይወርዳል። እዚህ ላይ የነጻው ጫፍ ችግር ያለ ብዙ ድካም ተፈታ፤ ግድግዳ ከጠረጴዛ ይልቅ አይዘነብልምና።

የዚህ ሐሳብ እጅግ የታወቀው ፍጻሜ የፍራንክፈርት ወጥ ቤት ነው። በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የኦስትሪያ አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች መኖሪያ ያዘጋጀችው ይህ ወጥ ቤት ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶችም ገብቷል። አርክቴክቷ የባቡር ምግብ ቤትን ጠባብ ወጥ ቤትና የአሜሪካዊቱን የክሪስቲን ፍሬደሪክን ጽሑፎች አጥንታ እያንዳንዱን እርምጃ ቈጥራለች። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ፣ ከሥራ በኋላ የሚታጠፍ መተኰሻ ሳንቃም ነበረበት። ዓላማዋ ዕቃውን ከእንግዳ ዐይን መሸሸግ አልነበረም፤ በደመወዝ ሥራ የምትውል ሴት በቤት ሥራ የምታጠፋውን ጊዜና ጕልበት መቀነስ ነበር። ራሷም ቢሆን ወጥ ቤቱን ከማቀዷ በፊት ምግብ አብስላ እንደማታውቅ በኋላ ዘመን በግልጥ ተናግራለች።

ውጤቱ ግን ከዓላማው አልፎ ሄደ። ክፍሉ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ስለ ነበረ ባል ወይም ልጅ ገብቶ ሊረዳ አይችልም ነበር፤ መመገቢያ ጠረጴዛም አይገባበትም። ነዋሪዎቹ ጥበቱን ተቃውመዋል፤ በ1970ዎቹም ስለ ሴቶች መብት የሚጽፉ ሰዎች ይህ ወጥ ቤት ሴትን ከቤተ ሰቧ ለይቶ አገለላት ሲሉ ነቅፈዋል። ነቀፋው ፈጽሞ ፍትሐዊ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ በከሰልና በእንጨት ጢስ መካከል ቀኑን ትውል የነበረች ሴት ጥበቱን እንደ ግዞት ላታየው ትችላለች። ሆኖም በጠረጴዛና በግድግዳ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ላይ በግልጥ ይታያል። በጠረጴዛው ዘመን ከእንግዳ ዐይን የሚሸሸገው ሳንቃው ነበር፤ ሴቲቱ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ከቤተ ሰቡ ጋር ትቈያለች። ሳንቃው በጠባቡ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ከዐይን የምትርቀው ሠራተኛዋ ራሷ ሆነች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከፍታው የሚስተካከል ቀላል የብረት ሳንቃ በርካሽ ሲሸጥ ሁለቱም ዐይነቶች ተዳከሙ። ነጻው ጫፍ ያለ ጠረጴዛና ያለ ግድግዳ፣ በተሻገሩ የብረት እግሮች ብቻ ሊቆም ቻለ። ይሁን እንጂ የትልልቅ ከተሞች መኖሪያ እየጠበበ ስለ ሄደ ከመሳቢያ የሚሳብና ከቁም ሳጥን የሚወርድ ሳንቃ ዛሬም ይሠራል፤ በአንዳንዱም በሩ ሲዘጋ የካውያውን ኤሌትሪክ የሚያቋርጥ ማብሪያና ማጥፊያ ተጨምሮበታል።

እንዲህ ያለ ዕቃ በአሮጌ ቤት ወይም በዕቃ ገበያ የሚያጋጥመው ተመራማሪ ገበታውን ብቻ ለክቶ እንዳያልፍ ያስፈልጋል። ሳንቃው ወጥቶ ከወለል ያለው ከፍታ ይለካል፤ ከዚህም የምትሠራው ሴት ቆማ ወይስ ተቀምጣ ትሠራ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። የቦዩ እንጨት ምን ያህል እንዳረጀ መታየት አለበት፤ ያላረጀ ቦይ ሳንቃው ከተገዛ በኋላ ብዙ አለመሳቡን ያስረዳል። የተቃጠለ ምልክት በገበታው ላይ ከተገኘ፣ ሳንቃው እያለ ሴቲቱ በቀድሞው ልማድ በጠረጴዛው ላይ መተኰሷን አልተወችም ማለት ነው። በአሜሪካ የግድግዳው ቁም ሳጥን ብዙ ጊዜ ሳንቃው ወልቆ፣ ትንንሽ መደርደሪያ ተመትቶበት፣ የቅመም ማስቀመጫ ሆኖ ይገኛል። እንደዚህ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ሳንቃው ተያይዞበት የነበረው የማጠፊያው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከቅመም ጠርሙሶቹ በስተኋላ ይታያል።